ነፍሰ ጡር ሆኜ ኬሚካል የተረጨበት ግሪንሃውስ እንዳልገባ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጽጌረዳ ቆራጭ (ባቱ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባቱ አካባቢ ባለ የአበባ እርሻ ጽጌረዳ ቆራጭ ነኝ፤ አራተኛ ወሬን የያዝኩ ነፍሰ ጡር ነኝ። የእኛ ግሪንሃውስ አብዛኛውን ጊዜ የሚረጨው ወደ ማታ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስንገባ ቅጠሉ ገና እርጥብ ነው፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ረጪዎቹ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ቱታ፣ የመርዝ መከላከያ ጭምብል፣ ቦቲና ረጅም ጓንት አላቸው፤ በየጊዜው ደማቸው ይመረመራል፣ ወተትም ይሰጣቸዋል። ቆራጮቹ ከጥቂቶች በቀር ሴቶች ነን። የተሰጠን ለእሾህ የሚሆን የጨርቅ ጓንት ነው፤ እሱም ጠዋት ከእርጥቡ ቅጠል ጋር ርሶ ቀኑን ሙሉ እጃችን ላይ ይውላል።

ወደ ማሸጊያ ክፍል እንዲያዛውሩኝ ስጠይቅ ሱፐርቫይዘሩ «እርግዝና በሽታ አይደለም፤ ከፈለግሽ ወረቀት አምጪ» አለኝ። ክሊኒክ ሄጄ «ቀላል ሥራ ትሥራ» የሚል ወረቀት አመጣሁ። «አበባ መቁረጥ ቀላል ሥራ ነው» ብሎ መለሰልኝ። በዚህ ላይ የካቲት 7 የፍቅረኞች ቀን ስለተቃረበ ትርፍ ሰዓት መድበውኛል። ማስገደድ ይችላሉ? ብዛወር ደመወዜ ይቀነሳል? ብከራከርስ ያባርሩኛል? እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ፦ የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ራስሽ ልጠይቅሽ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን ብዥታ፣ ያልተለመደ ላብ ወይም የምራቅ መብዛት አለብሽ? ይህን የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። በእርሻ የሚሠሩ ነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ሲነግሩን «የእርግዝና ነው» ብለን የመሸኘት ልማድ አለን። አንዳንዶቹ ፀረ ተባዮች ግን ነርቭ ላይ የሚሠሩ ስለሆኑ ስሜታቸው ከእርግዝና ማቅለሽለሽ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ሕመሙ ግሪንሃውስ ከገባሽ በኋላ የሚጀምርሽና በዕረፍት ቀንሽ የሚተውሽ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊው፤ ለሐኪሙም አሳዪው።

ስለ ወተቱ ደግሞ ቁርጡን ልንገርሽ፤ ወተት መርዝን ከሰውነት አያወጣም፣ ከመርዝም አይከላከልም። ምግብ ስለሆነ ጠጪው፤ ነገር ግን የጓንት ምትክ አይደለም። ኬሚካሉ በብዛት የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። የራሰ የጨርቅ ጓንት ደግሞ ኬሚካሉን ከቆዳሽ ጋር አጣብቆ ስለሚያቆይ ከባዶ እጅም ሊከፋ ይችላል። ከመብላትሽና መፀዳጃ ቤት ከመግባትሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። የሥራ ልብስሽንና ሻሽሽን ቤት ውስጥ ካለው ልብስ ለይተሽ እጠቢ።

ደም ከታየሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣብሽ፣ ወይም ፊትሽና እጅሽ በድንገት ካበጠ ፈረቃው እስኪያልቅ ሳትጠብቂ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። የእርግዝና ክትትል በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ክትትልሽን እንዳታቋርጪ።

መልስ፦ የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ

ሱፐርቫይዘሩ የሕክምና ወረቀት መጠየቁ ከሕግ ውጭ አይደለም። ጉድለቱ ወረቀቱ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 እንደሚለው፣ የምትሠራው ሥራ ለራሷ ወይም ለፅንሱ ጤንነት አደገኛ መሆኑ በሐኪም የተረጋገጠ ነፍሰ ጡር ወደ ሌላ የሥራ ቦታ መዛወር አለባት። «ቀላል ሥራ» የሚለው ቃል ለክርክር በር ይከፍታል፤ የተከፈተብሽም ይኸው ነው። ሐኪሙ እንዲህ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው፦

«ፀረ ተባይ ኬሚካል በተረጨበት ግሪንሃውስ ውስጥ መሥራት ለነፍሰ ጡሯም ሆነ ለፅንሱ ጤንነት አደገኛ ስለሆነ ኬሚካል ወደሌለበት የሥራ ቦታ እንድትዛወር።»

ስም፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። ከተቻለም የኬሚካሉን ስም ይዘሽ ሂጂ።

ትርፍ ሰዓቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ነፍሰ ጡርን በትርፍ ሰዓት፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራት በዚሁ አንቀጽ የተከለከለ ነው። ሥራው አደገኛ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግሽም፤ ነፍሰ ጡር መሆንሽ ብቻ ይበቃል።

ደመወዝን በተመለከተ፣ አሠሪ ብቻውን ወስኖ መቀነስ አይችልም። የሥራ ውል የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሁለታችሁ የጽሑፍ ስምምነት ነው። ስለዚህ የዝውውር ቅጽ ሲሰጡሽ የደመወዙን መስመር ሳታነቢ አትፈርሚ።

ስንብትን በሚመለከት፣ በእርግዝና ጊዜና ከወለድሽ በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ውልሽን ማቋረጥ አይቻልም። ይህ ጥበቃ ግን ገደብ አለው፤ ከእርግዝናው ጋር ባልተያያዘ ከባድ ጥፋት ውል ሊቋረጥ ይችላል፣ ያለፈቃድ መቅረትም ከዚያ ይቆጠራል። ተናደሽ ቤትሽ እንዳትቀሪ። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄጂበት ጊዜ በሕጉ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው፤ ማስረጃውን ብቻ አምጪ።

መልስ፦ የቀድሞ ሱፐርቫይዘር (ሆለታ)

እኔ ከሌላው ወገን ሆኜ ልናገር። ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ባለው ጊዜ አንድ ቆራጭ ስትጎድል ሱፐርቫይዘሩ ነው የሚጠየቀው፤ የሚቃወመው ክፋት ስላለበት ብቻ ላይሆን ይችላል። የፍቅረኞች ቀን ካለፈ በኋላ ብትጠይቂ በቀላሉ የሚያዛውሩሽ ይመስለኛል። ከእሱ ጋር አትከራከሪ፤ በቀጥታ ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ሂጂ።

አንድ የሚጠቅምሽ ነገር ልጨምር። በደንብ በሚሠራ እርሻ ከተረጨ በኋላ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይሰቀላል፤ የተረጨው ኬሚካል፣ የተረጨበት ሰዓትና ተመልሶ መግባት የሚቻልበት ሰዓት ይጻፍበታል። ይህ ጊዜ እንደ ኬሚካሉ ይለያያል፤ የኬሚካሉ መለያ ጽሑፍ ላይ አለ። ከሰዓቱ በፊት እየገባችሁ ከሆነ ጉዳዩ የነፍሰ ጡሮች ብቻ አይደለም።

መልስ፦ የሠራተኛ ማኅበር ሰብሳቢ የነበርኩ (ቢሾፍቱ)

ወንድሜ፣ ስለ በሩ ማስጠንቀቂያ የተናገርከው ትክክል ነው። «የፍቅረኞች ቀን ይለፍ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ፅንሱ የገበያ ወቅት አይጠብቅም። በእኛም እርሻ ስንት እህት «ይህ ሳምንት ይለፍ» ስትባል ወሯ ገፋ።

ልጄ፣ በቃል መጠየቅ ይብቃሽ። ማመልከቻሽን በሁለት ቅጂ ጻፊ፤ አንዱን አስገቢ፣ ሁለተኛው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለሽ ቀንና ፊርማ ወይም ማኅተም ውሰጂ። አንቀበልም ካሉሽ ሁለት ባልደረቦችሽ እማኝ ሆነው ይፈርሙልሽ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በእሱ በኩል ይሂድ። ከሌላችሁም ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ይበቃል፤ እናንተ ደግሞ በመቶ ትቆጠራላችሁ። መልስ ካጣሽ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው የወረዳው ወይም የከተማው ጽሕፈት ቤት ሂጂና የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲመጣ ጠይቂ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ረጪው በአደገኛ ሥራ ላይ እንዳለ ሁሉም ያምናል፤ ስለዚህ ጭምብልም ምርመራም አለው። የተረጨውን ቅጠል ቀኑን ሙሉ የምትዳስሰው ሴት ግን «አበባ ትቆርጣለች» ተብላ ትታለፋለች። አዋጁ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ በአሠሪው ላይ ሲጥል ለረጪ ብቻ አላለም። ለሁላችሁም የማያሳልፍ ጓንትና ቱታ ይሰጠን ብላችሁ በጋራ ጠይቁ፤ ስትዛወሪ እዚያ የምትተካሽም ሴት ናት።

ጥያቄ፦ ጊዜያዊ ሠራተኛ (ሰበታ)

እኔም ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ግን በየሦስት ወሩ የሚታደስ ውል ነው ያለኝ። «ጊዜያዊ ስለሆንሽ ይህ አይመለከትሽም» ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ

የአንቀጽ 87 ጥበቃ ቋሚና ጊዜያዊ ብሎ አይለይም። የውልሽ ስያሜም የመጨረሻ ቃል አይደለም። ሕጉ ከተዘረዘሩ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ማንኛውንም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥራል፤ ዓመቱን ሙሉ አበባ የሚቆረጥበት እርሻ ደግሞ ለወቅታዊ ሥራ ነው የቀጠርኩሽ ብሎ ለማስረዳት ይቸገራል። የታደሱትን ውሎች ሁሉ አስቀምጪ። ውሉን አናድስም ካሉሽ አትዘግዪ፤ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ ሦስት ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ ዓይነት ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ጠያቂዋ (ባቱ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተጻፈልኝን ቃል ለሐኪሙ አሳየሁት፤ አንብቦ በዚያው መንገድ ጻፈልኝ። ማመልከቻውን ሰው ኃይል አስተዳደር ተቀብሎ ቅጂዬ ላይ ማኅተም መታልኝ። ከሰኞ ጀምሮ አበባ መለያ ክፍል እንድገባ ተነግሮኛል፤ ደመወዜም ባለበት ነው። ስሜ ግን የትርፍ ሰዓት ዝርዝር ላይ አሁንም አለ። «አሁን ከኬሚካል ወጥተሻል፣ ምን ቀረሽ» አሉኝ። እምቢ ማለት ፈራሁ።

መልስ፦ የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ

ክልከላው ከኬሚካሉ ጋር አልተያያዘም፤ መለያ ክፍልም ሆነ ቢሮ ብትሠሪ ያው ነው። ነገ ይህን ብቻ በሁለት ቅጂ አስገቢ፦ «ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 መሠረት ከትርፍ ሰዓት ሥራ ስሜ እንዲሰረዝልኝ አመለክታለሁ።» መደበኛ ሰዓትሽን ጨርሰሽ ውጪ፤ መውጫ ሰዓትሽ መዝገቡ ላይ መሞላቱን አረጋግጪ።