ጥቁሮቹ አይጦች ኢንፍሉዌንዛን ለምን አይችሉም?

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ)፦
ሰላም። ሲ57 ብላክ 6 የሚባሉትን ጥቁር የላብራቶሪ አይጦች በኢንፍሉዌንዛ አስይዘን ክብደታቸው በፍጥነት ወረደ። ኤ2ጂ የሚባል ሌላ ዝርያ አይጦች ግን ያንኑ ቫይረስ ይቋቋማሉ አሉ። ሁለቱም አይጥ አይደሉ እንዴ?

መልስ (የላብ ሰው)፦
ልዩነቱ ኤምኤክስ1 የሚባል ጂን ነው እህቴ። የኤ2ጂን ጥንካሬ ተመራማሪው ዣን ሊንደንማን እ.ኤ.አ. በ1962 ዘግቦታል። በ1957 ከአሊክ አይዛክስ ጋር ኢንተርፌሮንን (ቫይረስ ሲገባ ሴሎች የሚለቁትን የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን) ያገኘው እሱ ነው፤ ነገሩም ይገጣጠማል። ኤምኤክስ1ን የሚቀሰቅሰው ኢንተርፌሮን ነውና። ፕሮቲኑ የሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ሆኖ የቫይረሱን መባዛት ያግዳል። ያንቺ አይጦች ግን ከጂኑ ከፊሉ ተቆርጦ ጠፍቷል፤ ባልብ ሲ የሚባለው የላብራቶሪ ዝርያም እንደዚሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዋና መከላከያው በጎደለው እንስሳ ላይ ክትባትና መድኃኒት እንሞክራለን፤ ብዙ ጽሑፍ ላይ ግን አንድ መስመር እንኳ አይነሳም።

መልስ 2፦
ዌስት ናይል የሚባለውን ሌላ ቫይረስ ለመቋቋም ደግሞ ወሳኙ ኦኤኤስ1ቢ የሚባል ሌላ ጂን ነው። እሱም በአብዛኞቹ የላብራቶሪ ዝርያዎች ተበላሽቷል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ጂኑ የሚሠራለት ሲ57 ይገኛል?

የላብ ሰው፦
አዎ፣ ከኤ2ጂ ጋር በማዳቀል ጂኑን ያገኙ አሉ። ከአሁኖቹ ጋር ጎን ለጎን ፈትሻቸው።