ልጄ ፈረስ ላይ ሆኖ «ቼ» አለ፤ ከዚህ በኋላ ምን ላድርግ?

የደብረ ብርሃኗ እናት

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። አይናገርም። ውኃ ሲጠማው እጄን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትተኛል። ሌላውን ሁሉ በግምት ነው የማውቀው። ግምቴ ሲስት መሬት ላይ ተዘርሮ ያለቅሳል።

ለገና ጫጫ አካባቢ አባባ ዘንድ ሄደን ነበር። ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ልጄ ጫጫታው ከብዶት ጆሮውን ይዞ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ የአባባ ዳማ ፈረስ አጠገብ ቆሟል። አንድ መዳፉን አንገቱ ላይ አሳርፏል። ፈረሱ ድርቆሽ ያኝካል፤ እሱ በሌላው እጁ ጣት መንጋጋውን ይከተላል። ሰው ሲነካው የሚሸሽ ልጅ እኮ ነው!

በማግስቱ አባባ ኮርቻው ላይ አወጡት። እሳቸው ከፊት ይስባሉ፣ እኔ ከጎን እግሩን ይዣለሁ። «ቼ!» ሲሉ ፈረሱ ይሄዳል። አውድማው ጋ ስንደርስ ጋቢያቸውን ሊያጣፉ ቆሙ፤ ፈረሱም ቆመ። ሁላችንም ዝም አልን። ያኔ ከላይ «ቼ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። አባባ ዞር ብለው አዩኝ። እኔማ እንባዬ ቀደመኝ።

ከተማ ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን፤ አልደገመውም። ጎረቤት «ጠበል ውሰጂው» ይለኛል። እወስደዋለሁ። ግን ይሄንንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ፈረስ እውነት ይረዳል? ቤት ውስጥስ እንዴት ልቀጥልበት?

ባለጋሪው

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ስለ ኦቲዝም አላውቅም፤ ስለ ፈረስ ግን ልንገርሽ። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት በዋለ ፈረስ ላይ ልጅሽን እንዳታወጪው። ደክሞታል፣ ጀርባውም ቆስሎ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው ገፋ ያለ ጭምት ፈረስ ይሻላል፤ የአባትሽ እንደዚያ ይመስላል። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ ልጁን አርቂው። ከኋላው አይሂድ። ገመዱን እጁ ላይ አይጠምጥም። እርካብ ላይ የእግሩ ጫፍ ብቻ ይረፍ። ገብስ ሲያበላው መዳፉን ይዘርጋ፤ ጣቱን ካጠፈ ፈረሱ ሳያስበው ይነክሰዋል።

የልዩ ፍላጎት መምህርት

እናትዬ፣ አባትሽም ሰምተዋልና አትጠራጠሪ። እኔ ልቤን የያዘው ፈረሱ የቆመባት ቅጽበት ናት። ልጅሽ የሚፈልገው ነገር ነበረው፤ ማንም ደግሞ አልቀደመውም። ቤት ውስጥ ግን እናት ነሽና ሳይጠይቅ ታደርጊለታለሽ። እስቲ በሩን ከመክፈትሽ በፊት እጀታውን ይዘሽ ቁሚ። ፊቱን እያየሽ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። «ቼ» ካለ ክፈቺ። በእጁ ካመለከተም ክፈቺ። የውኃና የፈረስ ፎቶ በካርቶን ለጥፈሽ ስጪው፤ ሥዕል መጠቀም ንግግርን አያስቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። ከመቶ በላይ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ለ10 ሳምንት ፈረስ ጋለበ፤ ሌላው ስለ ፈረስ ቢማርም ፈረስ አልነካም። የጋለቡት ላይ መነጫነጩም መቁነጥነጡም ቀነሰ፤ የሚጠቀሙት ቃልም በረከተ። ኦቲዝምን ያድናል ማለት ግን አይደለም። የሚጥል በሽታ ካለበት መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሄልሜት ደግሞ ግድ ነው፤ የሞተር ሳይሆን ለልጅ ጭንቅላት የሚሆን ቀላል ይሁን።

አዲስ አበባ ከሄድሽ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱትን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ጠይቂ። እሳቸውም ለልጃቸው ብለው ነው የጀመሩት።

የመንዝ ልጅ

የኔ ልጅ ፈረስ ስታይ ትንቀጠቀጣለች። አላስገደድኳትም። ጓሳ ሜዳ ይዣት እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከፊቴ እየቀደመች ትሮጥ ነበር፤ ዞራም አታየኝም። አንድ ቀን ነፋሱ ሣሩን ሲያስተኛው ቆመች። አንድ ዘለላ ጓሳ ነቀለችና አምጥታ ጉንጬ ላይ አስነካችው። ከዚያ ዓይኔን አየች። «እይልኝ» ማለቷ ነበር። እስከዚያ ቀን ምንም ነገር አሳይታኝ አታውቅም። ስለዚህ እህቴ፣ ፈረሱ ባይኖርም ሜዳው አለ።

የደብረ ብርሃኗ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጫጫ ደርሰን መጣን። አባባን «በየመሃሉ ቁምና ጠብቅ» ማለት ከበደኝ፤ «አባባ፣ ትንሽ እያረፋችሁ» አልኳቸው። ገባቸው። ሦስት ጊዜ ቆሙ። ሁለቱን ጊዜ ልጄ የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረገ፤ አባባም «እሺ ጌታዬ» ብለው ሳቡለት። በሦስተኛው «ቼ» አለ።

ትናንት ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ነበርን። ሹፌሩ ሰው ሊጭን ቆሞ ቆየ። ልጄ ወንበሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ቼ» አለ። ሹፌሩ ዞሮ «ምን አለ?» አለኝ።

«ሂድ እያለህ ነው» አልኩት።