የአያቴ ቀለበት ፈርጥ ሩቢ ነው ወይስ አይደለም?

የከዚራዋ፦
ሐረር ጁገል ውስጥ ይኖሩ የነበሩት አያቴ ያወረሱኝ፣ ቀይ ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበት ስለሰፋኝ ለማስጠበብ ድሬዳዋ ወደሚገኝ አንድ ወርቅ ቤት ወስጄው ነበር። ሠሪው ፈርጡን በማጉያ መነጽር አገላብጦ ካየ በኋላ «ወርቁ ደኅና ወርቅ ነው፤ ድንጋዩ ግን አርቴፊሻል ስለሆነ አልቆጥረውም» ብሎ፣ ልሽጠው ሳልል በግራም ዋጋ ነገረኝ። ቀለበቱ የአያቴ የሠርግ ስጦታ ሲሆን ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያን ዘመን ድንጋይ የሚሠራ ላብራቶሪ ነበረ ወይ? የላብራቶሪውና ከመሬት የወጣው አንድ ናቸው የሚሉም ስላሉ፣ በምን ይለያሉ?

ፈርጥ ቆራጭ፦
እህቴ፣ የቀለበቱ ዕድሜ ለድንጋዩ ምስክር አይሆንም። ኦገስት ቬርኖይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በሃይድሮጂንና በኦክስጅን ነበልባል እየቀለጠ ወደ ሩቢ የሚያድግበትን ዘዴ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1902፣ የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ በደረሰበት በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ በአያትሽ ሠርግ ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም።

ሁለቱም ጥቂት ክሮሚየም የገባበት አሉሚኒየም ኦክሳይድ ስለሆኑ ጥንካሬያቸው በሞስ መለኪያ 9 ነው፤ በመፋቅም ሆነ በመመዘን አይለዩም። የሚለዩት በአስተዳደጋቸው ነው። በነበልባል የተሠራው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በጎበጠ ጫፍ ላይ እየተደራረበ ስለሚያድግ፣ በውስጡ የዘፈን ሸክላ ላይ እንዳሉት ያሉ ጎባጣ ስስ መስመሮች፣ አንዳንዴም ክብ የአየር አረፋ ይታዩበታል፤ ከመሬት የወጣው ግን መስመሩ ቀጥ ያለ ወይም ማዕዘን የሠራ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሐር የሚመስሉ መርፌ መሰል ማዕድናት ይገኙበታል። ጎባጣ መስመር ጠፋ ማለት ግን ተፈጥሯዊ ነው ማለት አይደለም፤ በሌላ ዘዴ ቀስ ብሎ የሚያድግ የላብራቶሪ ሩቢም ይህ መስመር የለውም፤ እሱን ለባለሙያ ማይክሮስኮፕ መተው ይሻላል።

ከጁገል፦
እኔ የምጨምረው በቃሉ ላይ ነው። በገበያችን «አርቴፊሻል» ስንል ብርጭቆውንም የላብራቶሪውንም አንድ ከረጢት ውስጥ እንከታለን። ብርጭቆ ግን ሩቢን ይመስላል እንጂ ሩቢ አይደለም፤ ለስላሳ ስለሆነ ለዓመታት ሲደረግ ጠርዙ ይደክማል፣ ፊቱም ይጫጫራል። የላብራቶሪው ሩቢ ራሱ ሩቢ ነው፤ እንደተፈለገው ሊመረት ስለሚችል የሚያንሰው በዋጋ ነው። ምንጩን ደብቆ በተፈጥሮው ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ግን፣ ድንጋዩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አጭበርባሪ ነው።

የከዚራዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከሰዓት ሠሪ ጎረቤቴ መነጽር ተውሼ በመስኮት ብርሃን አየሁት፤ ጠርዙ ዛሬም ስለታም ነው፣ ቀለበቱን ዘንበል ሳደርገው ደግሞ ጎባጣዎቹ መስመሮችና ሁለት አረፋዎች ታዩኝ። ሠሪው ልክ ነበር፤ ቢሆንም አልሸጠውም። ሲያጠብበው እሳቱ ይጎዳው ይሆን?

ፈርጥ ቆራጭ፦
ሙቀቱን ይችላል። ለብየዳ የሚደረገው ቦራክስ ግን በእሳት ሲቀልጥ የሩቢን ፊት ይበላል፤ በዚህ የላብራቶሪውና የተፈጥሮው ልዩነት የላቸውም። ፈርጡ ከመበየዱ በፊት ይውጣ፤ ሲያወጣውም አጠገቡ ቆመሽ እዪ።