ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የወረደ አጥቂ፦ ልዘንለት ወይስ ደስ ይበለኝ?

የሳቢያኑ አጎት፦

ሰላም እንደምን አላችሁ? ነዋሪነቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሲሆን የምጠይቃችሁ ስለ እህቴ ልጅ ነው። ልጁ በስምንት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ወደ ስዊድን ተሻግሮ እዚያው ያደገ፣ አሁን 23 ዓመት የሞላው የፊት መስመር አጥቂ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት «አንደኛ ዲቪዚዮን ለሚጫወት ክለብ ፈረምኩ» ብሎ ሲደውልልን በቤታችን ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተጠርቷል፤ እኔም ለገሃር አካባቢ ከምናዘወትራት ሻይ ቤት ገብቼ ልጃችን በስዊድን ትልቁ ሊግ እንደሚጫወት በኩራት ተናግሬአለሁ።

ዘንድሮ ነገሩ ተገለበጠብኝ። በመጀመሪያ ራሱ ደውሎ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ መዛወሩን፣ ያውም ተገፍቶ ሳይሆን ፈልጎ መሆኑን ነገረን። ቀጥሎ አንድ የጎረቤት ልጅ በስልኩ ፈትሾ፣ ያ «አንደኛ ዲቪዚዮን» ያልነው በእርግጥ ሦስተኛው እርከን እንደሆነ፣ አሁን የገባበት ደግሞ አራተኛው እንደሆነ አሳየኝ። ልጁ አልዋሸንም፤ የሰማነውን እንደፈለግን የተረጎምነው እኛው ነን።

በቀድሞ ክለቡ የመጨረሻ ዓመት 19 ጊዜ ሜዳ ገብቶ፣ 13ቱን ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ፣ 4 ግብ አስቆጥሯል። በአዲሱ ክለቡ ደግሞ እስካሁን በ12 ጨዋታ 10 አግብቷል። እናቴ፣ ማለትም አያቱ፣ በእያንዳንዱ ግብ እልል ትላለች፤ እኔ ግን ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘንለት አላወቅሁም። አንድ አጥቂ በዚህ ዕድሜው አንድ ደረጃ ወርዶ ግብ ማብዛቱ ወደ ላይ መመለሻ መንገድ ነው ወይስ የመሰናበቻው መጀመሪያ? አገሩን የምታውቁ ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

ትውልደ ከዚራ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከዚራ ተወልጄ ካደግሁ በኋላ ላለፉት አሥራ ስድስት ዓመታት የኖርኩት ስዊድን ነው። ከሥራ መልስ በአምስተኛው እርከን ለጥቂት ዓመታት ተጫውቻለሁ፤ ተከላካይ ስለነበርኩ ግብ ማግባትን የማውቀው በማየት ብቻ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ልንገርዎት፤ የተሳሳቱት እርስዎ ብቻ አይደሉምና። ከሁሉም በላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው አልስቬንስካን ነው። ከሥሩ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ሱፐሬታን አለ፤ ስሙ «ሱፐር አንደኛ» እንደማለት ቢሆንም ሁለተኛ ነው። «አንደኛው» የሚባለው ኤታን ሦስተኛ ሲሆን ሁለተኛ ዲቪዚዮን አራተኛ ይሆናል። ይህ የሚያስቅ ከሆነ የራሳችንንም እንመልከት፤ ከኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሥር ያለው ከፍተኛ ሊግ፣ ከእርሱ ሥር ያለው ደግሞ አንደኛ ሊግ ነው የሚባለው። አንድ ስዊድናዊ አጎት የእህቱ ልጅ በኢትዮጵያ አንደኛ ሊግ እንደሚጫወት ለወዳጆቹ ቢያወራ እኛ ምን ብለን እንወቅሰዋለን?

ወደ ልጁ ስንመጣ፣ በላዩ ያሉት ሦስት እርከኖች 64 ክለቦችን ይይዛሉ፤ አልስቬንስካን 16፣ ሱፐሬታን 16፣ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት የተከፈለው ኤታን ደግሞ 32። እርሱ ያለበት ሁለተኛ ዲቪዚዮን በስድስት ምድብ፣ በየምድቡ 14 ክለቦች ያሉት ሲሆን፣ የየምድቡ አሸናፊ ወደ ኤታን ያድጋል። ውድድሩ እንደ እኛ ከመስከረምና ጥቅምት የሚጀምር ሳይሆን በበረዶው ምክንያት ከሚያዝያ አካባቢ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ስለሆነ፣ አሁን ያገባቸው አሥር ግቦች በውድድሩ አጋማሽ አካባቢ የተመዘገቡ ናቸው ማለት ነው። ይህ የሚናቅ ቁጥር አይደለም።

ፈልጎ የወረደበትን ምክንያት መገመት አያስቸግረኝም። ስዊድን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ትረዝማለች። በኤታን ሰሜን ምድብ የሚጫወት ቡድን ለአንድ ጨዋታ ከስቶክሆልም አካባቢ እስከ ኡሜኦ ድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል፤ ከድሬዳዋ ተነስቶ አዲስ አበባን አልፎ ከመሄድ አይተናነስም። ተጫዋቹ በአብዛኛው ሠራተኛ ወይም ተማሪ ነው፤ ቀን ሥራ ውሎ ማታ ልምምድ ይሠራል። እሑድ ሌሊት ከአውቶቡስ ወርዶ ሰኞ ማለዳ ሥራ የሚገባ ሰው፣ ሜዳ ላይ የተሰጠው ጊዜ የመጨረሻዋ ሃያ ደቂቃ ብቻ ከሆነች፣ ሒሳቡን መሥራቱ አይቀርም። የሁለተኛ ዲቪዚዮን ምድቦች በአካባቢ የተከፋፈሉ ስለሆኑ መንገዱ ያጥራል፤ ዘጠና ደቂቃውም የእርሱ ይሆናል።

ስለ ገንዘብ አልጠየቁም፤ ቤተሰብ ግን መጠየቁ ስለማይቀር አስቀድሜ ልናገር። በስዊድን የስፖርት ማኅበራት ደንብ የክለቡ አብላጫ ድምፅ፣ ቢያንስ 51 በመቶው፣ በአባላቱ እጅ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ አንድ ባለሀብት መጥቶ የታችኛውን ክለብ ጠቅልሎ ገዝቶ በደመወዝ ሊያጥለቀልቀው አይችልም። እኔ የነበርኩበት ክለብ ዋና የገቢ ምንጩ አባላቱ ራሳቸው ከሜዳው ዳር ቆመው የሚሸጡት ቡናና ቋሊማ ነበር። የቡድናችን ግብ አግቢ ዓርብ ሌሊት መጋዘን ሠርቶ ቅዳሜ ከሰዓት ይጫወት ነበር፤ ጫማውን እንኳ የሚገዛው ራሱ ነው። ልጁ ገንዘብ ካልላከ ስስታም ሆኖ እንዳይመስላችሁ።

የቀድሞ ዘጠኝ ቁጥር፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ሆኖም ለአጎትየው ከማጽናናት ይልቅ እውነቱን ብንነግራቸው ይሻላል። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ለአሥር ዓመታት አጥቂ ሆኜ ተጫውቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ደቻቱ አሸዋ ላይ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ሥራና ኳስ አብረው መሄዳቸው ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በኢትዮጵያ ሻምፒዮና ደጋግሞ ያሸነፈው ጥጥ ማኅበር የፋብሪካ ቡድን ነበር፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአምበልነት ያነሳው ሉቺያኖ ቫሳሎም ለዚሁ ቡድን የተጫወተ ነው።

የእኔ ጥያቄ ግቦቹ እንዴት እንደተቆጠሩ ነው። በታችኛው እርከን ተከላካዩ ወደኋላ ሲመለስ ይዘገያል፤ ፈጣን ልጅ ከጀርባው የተጣለለትን ኳስ ተከትሎ ብቻውን ከግብ ጠባቂ ጋር ይገናኛል። እንዲህ የተገኙ አሥር ግቦች ደስ ቢያሰኙም አንድ ደረጃ ከፍ ሲባል ያ ክፍተት ይጠፋል። በተቃራኒው ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ይዞ የሚያዞር፣ በተጨናነቀ ሳጥን ውስጥ በአንድ ንክኪ የሚጨርስ ከሆነ፣ ያ ችሎታ አብሮት ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጋሼ፣ ስንት አገባህ ብለው ሳይሆን እንዴት አገባህ ብለው ይጠይቁት። ከቻለም ምስሉን ይላክልዎት።

አንዳንዶች ወዲያው ስዊድናዊውን አጥቂ ቪክቶር ዮኬሬሽን እንደሚጠቅሱ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከብሮማፖይካርና ክለብ ጋር በዚያው በሦስተኛው እርከን ተጫውቶ በ2025 አርሰናል ደርሷል። ዝላታንም ማልሞ ከአልስቬንስካን በወረደ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በሱፐሬታን 12 ግብ አግብቶ በቀጣዩ ዓመት ወደ አያክስ ተሽጧል። ነገር ግን ሁለቱም ያኔ አሥራዎቹን አልጨረሱም ነበር። 23 ዓመት የሆነው አጥቂ ከእነርሱ ጋር ቢነጻጸር ግፍ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ገዢ የሚፈልገው ተስፋን ሳይሆን የተሠራ ሥራን ነው። በእኔ ግምት አንድ ዓመት መውረዱ መልካም ነው፣ ሁለተኛው ዓመት ግን እዚያው ካገኘው ወደ ላይ የሚመለከተው አይኖርም።

ትውልደ ከዚራ፦

ስለ ግቦቹ ዓይነት የተናገርከውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ስለ ዕድሜው ግን ትንሽ ልከራከርህ። አጥቂ ወደ ላይ የሚወጣው በመሸጥ ብቻ አይደለም፤ ክለቡ ራሱ ይዞት ሊወጣ ይችላል። ሂሌቪክ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር የሚጫወተው ሚየልቢ እ.ኤ.አ. በ2018 በኤታን ነበር፤ በ2019 ሱፐሬታንን አሸንፎ፣ በ2025 የስዊድን ሻምፒዮን ሆነ። ኧስተርሹንድ የሚባለው ክለብም አሠልጣኙ ግርሃም ፖተር እ.ኤ.አ. በ2011 ሲረከበው የጋሼ ልጅ አሁን ባለበት በአራተኛው እርከን ነበር፤ በ2016 አልስቬንስካን ገባ፣ በ2017 የስዊድንን ዋንጫ ወሰደ፣ በ2018 የካቲት ደግሞ በደርሶ መልሱ ቢወድቅም አርሰናልን በገዛ ሜዳው 2 ለ 1 አሸነፈ። በእርግጥ እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ክለቡ ሲያድግ አዲስ አጥቂ ያመጣና ያሳደገውን ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ቢሆንም ልጁ የመረጠው ክለብ በሰንጠረዡ ስንተኛ ነው የሚለው ጥያቄ ከዕድሜው ይልቅ ይበልጥ የሚመዝን ይመስለኛል።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦

ይቅርታ፣ አጭር ጥያቄ አለኝ። ድሬዳዋ የተወለደው ፉአድ ኢብራሂም አሜሪካ ውስጥ በሁለተኛው እርከን ከሚጫወት የሚኒሶታ ክለብ ተጠርቶ በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ለዋልያዎቹ ተሰልፏል፤ በዚያው ቡድን ከስዊድኑ ሲሪያንስካ የመጣው አጥቂ ዩሱፍ ሳላህም ነበር። የጋሼ ልጅስ ለምን አይጠራም?

ትውልደ ከዚራ፦

ሲሪያንስካ በዚያን ጊዜ በአልስቬንስካን ይጫወት ስለነበር ከአራተኛው እርከን ጋር አይወዳደርም። ከዚያ ውጭ ዋናው ነገር ፓስፖርት ነው። ፊፋ የሚጠይቀው ዜግነትን ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ትፈቅዳለች፣ የእኛ አገር ሕግ ግን አይፈቅድም፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያም ዜግነትን አይተካም። ልጁ ስዊድናዊ ዜግነት ወስዶ ከሆነ ነገሩ የአሠልጣኝ ምርጫ ብቻ አይሆንም።

የሳቢያኑ አጎት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት እሑድ ደውሎልኝ የነገራችሁኝን አንድ በአንድ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ደነገጠ፤ እስከዛሬ ከ«ስንት አገባህ?» በቀር ጠይቄው አላውቅምና። ከአሥሩ አራቱ ከተከላካይ ጀርባ ሮጦ ያገባቸው፣ ሁለቱ ፍጹም ቅጣት ምት፣ የቀሩት አራቱ ሳጥን ውስጥ በግርግር የተገኙ ናቸው አለኝ። ለቀድሞው ዘጠኝ ቁጥር፣ ከአሥሩ እነዚህ የሳጥን ውስጥ አራቱ ይበቁት እንደሆነ አላውቅም።

ክለቡ በምድቡ ሦስተኛ ነው። በሳምንት አራት ቀን የሕንፃ ዕቃ በሚሸጥ መደብር ይሠራል፤ ሥራውን ያገኘለት የክለቡ አንድ አባል ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ሲሆን፣ ከላይ ያለ ክለብ በበጋው የዝውውር መስኮት ከጠየቀው እንዲለቁት ተስማምተዋል። የቀድሞው አሠልጣኙ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ የሚሰጠው ጊዜ ሲያንስ ልጁ ለእናቱ ስልክ ደውሎ ማልቀሱን ደግሞ ትናንት ነው የሰማሁት፤ እኛ ያኔ እዚህ ቡና እያፈላን ነበር።

ለእናቴ ሁሉንም አስረድቻታለሁ፤ እርሷ የገባት አሥር ማግባቱ ነው። ሻይ ቤቷ ውስጥ ግን ማስተካከያውን ገና አልተናገርኩም።