የቆየ የክላሲካል ሙዚቃ ለፊልም ማጀቢያ ሊውል ይገባልን?

ጥያቄውን ያነሳው፦ አንድ ዳይሬክተር አዲስ ሙዚቃ ከማስደረስ ይልቅ ዘመን የተሻገረ የክላሲካል ሥራ ለፊልሙ ቢወስድ፣ ሙዚቃውን ይጎዳዋል የሚል እምነት አለኝ። ሞዛርት በ1785 የደረሰውን 21ኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶ እንውሰድ። በ1967 የወጣው የስዊድን ፊልም «ኤልቪራ ማዲጋን» ከተጠቀመበት ወዲህ ኮንሰርቶው በብዙ የሸክላ ሽፋኖች ላይ በፊልሙ ስም ይጠራል። ፊልሙ እውነተኛ ታሪኳን የሚተርክላት የሰርከስ ተጫዋች ኤልቪራ የሞተችው ሞዛርት ካረፈ ከዘጠና ዓመታት በላይ ቆይቶ መሆኑን ስናስብ፣ ስያሜው ግፍ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

የቫዮሊን አስተማሪዋ፦ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በፊልም ላይ መጫንዎ ትክክል አይደለም። የሳሙኤል ባርበር «አዳጆ» በ1980 በ«ዘ ኤለፋንት ማን»፣ በ1986 ደግሞ በ«ፕላቱን» ከተሰማ ጀምሮ የሐዘን ምልክት ሆነ ሲባል እሰማለሁ። ሆኖም ይኸው ሥራ በ1945 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሞት ሲነገር በሬዲዮ ተላልፎ ስለነበር፣ ፊልሞቹ ያገኙት አስቀድሞ ጥቁር የለበሰ ሙዚቃ ነው። በፊልም የታወቀው የዋግነር «የቫልኪሪዎች ግልቢያ»ም ቢሆን መጀመሪያውኑ ለኦፔራ መድረክ የተጻፈ እንጂ ከትዕይንት ርቆ የኖረ ሥራ አልነበረም።

አንድ ተመልካች፦ እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ገንዘብ ነው፤ ለሞተ ደራሲ የሚከፈል የለም።

የፊልም አርታዒው፦ የድርሰቱ መብት ዘመኑ ቢያልፍም፣ የተቀረጸው ቅጂ የራሱ ባለመብት አለው፤ ኦርኬስትራ ቀጥሮ እንደገና ማስቀረጽም ርካሽ አይደለም። እውነተኛው ምክንያት በአርትዖት ክፍል ውስጥ ይገኛል። ትዕይንቱን ስንቆርጥ ምቱን እንዲመራን ጊዜያዊ ሙዚቃ እናስገባለን፤ ሥዕሉና ድምፁ ለወራት አብረው ከታዩ በኋላ ጆሯችን ስለሚለምደው፣ ለፊልሙ ተብሎ የተደረሰው ሙዚቃ ሲመጣ እንደ ባዕድ ይሰማል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ባወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» የሆነው ይህ ነው። አሌክስ ኖርዝ ሙዚቃ ደርሶ አስቀርጾ ሳለ፣ ዳይሬክተሩ ሁሉንም ትቶ በጊዜያዊነት ያስገባቸውን የሁለቱን ስትራውሶች (የዮሐንንና የሪቻርድን) እና የዘመኑን ደራሲ የሊጌቲን ሥራዎች አስቀረ፤ ኖርዝም ሙዚቃው መውጣቱን ያወቀው ፊልሙ ሲታይ ነበር። ያኔ በሕይወት የነበረው ሊጌቲም አልተማከረም። ስለዚህ ተበዳይ ከፈለግን ሞዛርትን ትተን በሕይወት ያሉትን ደራሲዎች እንይ።

የቫዮሊን አስተማሪዋ፦ በደሉን አልክድም። ይሁን እንጂ የጠፈር ጣቢያው በዝግታ ሲሽከረከር «ሰማያዊው ዳንዩብ» ባይሰማ ኖሮ፣ ያ ትዕይንት የማሽን ሥዕል ሆኖ ይቀር ነበር። የዮሐን ስትራውስ ቫልስ ለዳንስ አዳራሽ የተሠራ ነው፤ ክብደት በሌለበት ስፍራ እንዲህ ይስማማል ብሎ ማን ይገምት ነበር? ሙዚቃው አዲስ ነገር ተጨመረለት እንጂ አልተዋረደም።

ጥያቄውን ያነሳው፦ በዚያኛው ፊልም እረታለሁ፤ ቫልሱን ከጠፈር ጣቢያው ነጥዬ መስማት ግን ዛሬም አልቻልኩም፤ ቅሬታዬም ይኸው ነበር። አርታዒው ያነሱትን በተመለከተ፣ ጊዜያዊ ሙዚቃ ሳይገባ ትዕይንት መቁረጥ አይቻልምን?

የፊልም አርታዒው፦ ይቻላል፤ የሙዚቃው ደራሲ አርትዖቱ ሳይጀመር ረቂቁን ካደረሰልን በእርሱ ሥራ ላይ እንቆርጣለን። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠረው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው።