ካሪ ኦን ማለት ተሸከም አይደለም እንዴ? 20 ቲሸርት አትሜበታለሁ!

ታቦር አታሚ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ ቲሸርት አትማለሁ፣ የባጃጅ ስቲከርም እሠራለሁ። እንግሊዝኛዬ እስከ አስረኛ ክፍል የተማርኩት ነው። የቀረውን ጎግል ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ የሚሠሩ ጫኝና አውራጅ ልጆች መጡ። አንዱ ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ። ቀይ መደብ፣ ከላይ ዘውድ፣ ከሥሩ "ኪፕ ካልም ኤንድ ካሪ ኦን" ይላል። ምን ማለት ነው ሲሉኝ ሳላመነታ "ተረጋግተህ ተሸከም" አልኳቸው። ደስታቸውን ባያችሁ! "ይሄማ ለእኛ የተጻፈ ነው" አሉ። ከፊት እንግሊዝኛውን፣ ከጀርባ አማርኛውን አድርጌ 20 ቲሸርት አስረከብኩ።

ትናንት የጎረቤት ልጅ ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ መጣች። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ናሙና አየችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ መሸከም አይደለም" ብላኝ ወጣች። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ባጃጅ እየጠበቃት ነበር።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። አንድ ባለ ባጃጅ ደግሞ "ጀስት ዱ ኢት"ን በአማርኛ ጻፍልኝ ብሎኛል። "ዝም ብለህ አድርገው" ብዬ ብጽፍ ተሳፋሪው "ምኑን?" አይልም?

ጡረተኛው መምህር

ወዳጄ፣ አይዞህ። "ካሪ" ለብቻው መሸከም ነው። "ኦን" ስትከተለው መቀጠል ይሆናል። "እጅ ሰጠ" የሚለውን ፈረንጅ "እጁን ቆርጦ አበረከተ" ብሎ ቢተረጉመው ያው ያንተው ስህተት ነው።

ጽሑፉ "ተረጋጉ፣ ሥራችሁንም ቀጥሉ" ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲል ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ አሳትሞታል። የአየር ድብደባው ሲከፋ ይለጠፋል ተብሎ ተቀመጠና ሳይለጠፍ አብዛኛው እንደገና ወረቀት ተሠራበት። በ2000 አልንዊክ በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ፣ አንድ የአሮጌ መጽሐፍ መደብር ባለቤቶች ከመጽሐፍ ሣጥን ሥር አንድ ቅጂ አገኙ። ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፣ ደንበኛው ሁሉ ሽጡልን አለ። ዛሬ የሻይ ኩባያው ሁሉ እሱ ነው። ሰዉም ጫፉን እየቀየረ ይቀልድበታል፤ "ተረጋጋና ሻይህን ጠጣ" ይላል።

እንዲህ ያለውን መፈክር ፈረንጅ "ስሎጋን" ይለዋል፤ ቃሉ ራሱ ጌሊክ ከሚባለው የስኮትላንድ ቋንቋ የመጣ ነው። የሠራዊት ጩኸት፣ የጦር ሜዳ ጥሪ ማለት ነበር። እስቲ መፈክርንና ፉከራን ጎን ለጎን አድርገህ እያቸው!

ከአቶቴ

መምህር እንዳሉት ነው፤ እኔ የምጨምረው አጠቃቀሙን ነው። ለንደን ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሠሪዬ ስለ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ "ሂ ዳዝ ኤግዛክትሊ ዋት ኢት ሴዝ ኦን ዘ ቲን" አለችኝ። ቆርቆሮ ምን አገባው ብዬ ግራ ገባኝ። ለካ ሮንሲል የሚባል የእንጨት ቀለም የ1994 (እ.ኤ.አ.) ማስታወቂያ ነው፤ "ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን በትክክል ይሠራል" የሚል። ቀለሙን ቀብቶ የማያውቅ ሁሉ ይናገረዋል። ለሰው ሲሆን "እንዳለው የሚገኝ" እንደማለት ነው። ግን "ዛት ኢዝ ጀስት ኤ ስሎጋን" ካሉህ ስድብ ነው፤ ወሬ ብቻ ነው ማለታቸው ነው።

ለባጃጁ "በቃ ሥራው!" በለው። "ጀስት" እዚያ ቦታ የእኛ "በቃ" ናት።

ባለ ሦስት እግር

ባለ ባጃጁ "ጀስት ዱ ኢት"ን ከመለጠፉ በፊት ታሪኩን ንገረው። ዳን ዋይደን የሚባለው የማስታወቂያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ለስፖርት ጫማ አምራቹ ናይኪ ሲጽፈው፣ መነሻ የሆነው በ1977 አሜሪካ ውስጥ የተረሸነ የሞት ፍርደኛ የመጨረሻ ቃል ነው። "እናድርገው" ነው ያለው ሰውዬው።

ታቦር አታሚ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴም ተባረኪ።

ባለ ባጃጁ ታሪኩን ሲሰማ አማተበና ትእዛዙን ሰረዘ። ገቢዬን ዘጋህብኝ፣ ባለ ሦስት እግር!

ለጫኝና አውራጆቹ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በራሴ ወጪ ልቀይርላችሁ ብዬ መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። አንዱ ኩንታል ጀርባው ላይ እንዳለ አዳመጠኝ። "ቀጥሉ ነው የሚለው?" አለኝ። "ሳንሸከም ምኑን ነው የምንቀጥለው?" ቲሸርቱን አልመልስም አሉ። ስድስት ተጨማሪ አዘዙ፣ አማርኛው እንዳለ ይሁን ብለዋል።