ዳገት ላይ ሞተር ሲሞቅ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲላላ ምን ማድረግ ይገባል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ያገለገለ፣ ማርሹ ማኑዋል የሆነ የቤት መኪና ከገዛሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ሜዳ ላይ ምንም ችግር አይታይበትም። ረጅም ዳገት ስወጣ ግን የሙቀት ጌጁ ከመካከለኛው ቦታ ተነሥቶ ወደ ቀዩ መሥመር ይጠጋል፤ ዳገቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይወርዳል። በዚያው መንገድ ስመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል፣ የፍሬን ፔዳሉም ላልቶ ከወትሮው ጠልቆ ይወርዳል። መኪናውን አቁሜ ጥቂት ካሳረፍኩት በኋላ ፍሬኑ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል።

አብዛኛውን ጊዜ የምጭነው ቤተሰብ ስለሆነ ነገሩ በጣም ያሳስበኛል። መንገድ ላይ እያለሁ ጌጁ ቀይ ውስጥ ቢገባ ወይም ፍሬኑ ጨርሶ እንቢ ቢለኝ፣ በቅድሚያ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ብታስረዱኝ፤ ራሴ ልፈትሸው የምችለውንና ለመካኒክ መተው ያለብኝንም ብትለዩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

እንኳን ጠየቁ። የነገሩን ሁለቱም ምልክቶች ከሙቀት የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም አስቀድመው እያስጠነቀቁዎት ስለሆነ ለነገ የሚባሉ አይደሉም። እኔ ስለ ሞተሩ ልጻፍ፤ ስለ ፍሬኑ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ወንድሞች አሉ።

ጌጁ መነሣት ሲጀምር፣ ገና ቀይ ሳይደርስ፣ ኤር ኮንዲሽነሩን ያጥፉና መስኮቶቹን ከፍተው የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ድረስ ይክፈቱ። በሙቀት መካከል ማሞቂያ መክፈት ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ነገር ግን ማሞቂያው በራሱ ትንሽ ራዲያተር ስላለው ከሞተሩ ሙቀት እየቀነሰ ወደ እርስዎ ያወጣዋል። ላብ ቢያደርግዎትም ሞተሩን ሊያድነው ይችላል። ከዚያም ማርሽ ቀንሰው፣ ነዳጅ ሳያበዙ፣ በዝግታ ይውጡ። ሞተሩ ማርሽ ሳይቀነስለት እየተጨነቀ ሲወጣ ሙቀቱ ይበዛል፣ የውሃ ፓምፑም በዝግታ ስለሚዞር ውሃው በበቂ ፍጥነት አይዘዋወርም።

ጌጁ ቀይ ከገባ ወይም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ከታየ ግን መንዳት ማቆም ነው። ከመንገዱ ወጥተው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የአደጋ መብራት ያብሩ፤ ተሳፋሪዎችም ወርደው ከመንገዱ ርቀው ይቁሙ። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ፣ ሲነሡም ድንጋዩን ከመንገዱ ላይ ማንሣት አይዘንጋ።

አሁን የምጽፈውን አደራ በጥሞና ያንብቡልኝ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ በፍጹም አይክፈቱ። ክዳኑ ውሃውን በግፊት አምቆ ስለሚይዘው ውስጡ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በተከፈተበት ቅጽበት ግፊቱ ስለሚለቀቅ ውሃው ባንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ወደ ላይ ይፈነዳል፤ የሚያገኘውም ክዳኑ ላይ ያጎነበሰውን ሰው ፊት፣ ደረትና እጅ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቱቦ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል፣ ሲጨበጥም ለስላሳ ሲሆን ወፍራም ጨርቅ ክዳኑ ላይ ደርበው፣ ፊትዎን አርቀው፣ መጀመሪያ እስኪያዝ ድረስ ብቻ በትንሹ ያዙሩት። የሚያፏጭ ድምፅ ከሰሙ ድምፁ እስኪያቆም ይታገሡ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቬንትሌተር (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በራሱ ሊነሣ ስለሚችል እጅዎን ከአጠገቡ ያርቁ።

ሲሞሉም በችኮላ አይሙሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ሊሰነጥቀው ይችላል። በተጨማሪም ቀይ አካባቢ የነበረው ጌጅ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ቢወርድ ሞተሩ በርዷል ብለው አይደሰቱ። ውሃው ስላለቀ ሙቀት ለኪው የሚለካው ፈሳሽ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ሁኔታ ጥቂት ርቀት መንዳት እንኳ ሞተሩን ያስነክሰዋል፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ እንዳይዞር ያደርገዋል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ረጅም ሰዓት ስቆም ጌጁ አይነቃነቅም፣ ቬንትሌተሩም በየጊዜው ሲነሣ ይሰማኛል። በፕላስቲክ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ዝገት ቀለም ያደላል፤ መኪናው በሚያድርበት መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር ባላይም በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። አንድ ወዳጄ ቴርሞስታቱን ባስወጣው ችግሩ እንደሚቀረፍ ነግሮኛል።

መልስ 2

የጨመሩት ዝርዝር ብዙ ይናገራል። ቬንትሌተር የማይሠራ መኪና የሚሞቀው በቆመበት ነው፤ ሲሄድ ነፋሱ ያበርደዋል። የእርስዎ ግን በተቃራኒው ቆሞ ደኅና ሆኖ ጭነት ሲበዛበት ነው የሚሞቀው። ይህም ሲሆን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የራዲያተሩ መደፈን ነው፤ የዝገቱ ቀለም ደግሞ ጥርጣሬውን ያጠናክረዋል። የቀድሞው ባለቤት ባዶ ውሃ ሲሞላ የኖረ ይመስለኛል። ባዶ ውሃ ውስጡን ያዝጋል፣ ጠጠር ይሠራል፣ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይደፍናል። ለማቀዝቀዣ የተዘጋጀው ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲቀላቀል ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውንም ደረጃ ከፍ ያደርጋል። ከባሕር ጠለል በጣም ከፍ ባለ ስፍራ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ በተራራ መንገድ ለሚነዳ ሰው ጥቅሙ የበለጠ ነው። ፈሳሹ ጣፋጭ ቢሆንም መርዝ ስለሆነ ልጆችና እንስሳት ከማይደርሱበት ያስቀምጡት።

ራዲያተሩን በውጭ በኩልም ይመልከቱት። አቧራና ነፍሳት በክንፎቹ መካከል ተጠቅጥቀው ነፋስ የማያሳልፉበት ጊዜ አለ። ሞተሩ በርዶ ሳለ በቀስታ በሚወርድ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ማጠብ ይቻላል፤ ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ስለሚያጣምም አልመክርም።

ቴርሞስታቱን ስለማስወጣት የተነገረዎትን እባክዎ አይቀበሉ። ቴርሞስታት ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚከፈት በር ነው፤ ከወጣ ሞተሩ ወደ ሥራ ሙቀቱ ለመድረስ ይቸገራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። የተደፈነው ራዲያተር ግን እንደተደፈነ ይቀራል። ቴርሞስታቱ አልከፈት ብሎ ከሆነ በአዲስ መቀየር ነው፤ ዋጋውም ከቴስታታ ጥገና ጋር የሚወዳደር አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መሬት ላይ ሳይታይ የሚጎድለው ውሃ ነው። ከጎማ ቱቦ ማሰሪያ የሚንጠባጠብ ትንሽ ውሃ የጋለ ብረት ላይ ወድቆ ሊተን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ነጭ ወይም ቀለም ያለው የደረቀ ምልክት በቦታው ይቀራል። ያንን ካላገኙ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ሥሩን ይመልከቱ፤ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ቅባት ካለበት፣ ወይም ከሞቀ በኋላ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ማብቂያ የሌለው ነጭ ጭስ ከወጣ፣ ወይም ሞተሩ ሲሠራ በማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተነሣ፣ መካኒኩ ሲስተሙን በግፊት እንዲፈትሽልዎት ሳይዘገዩ ይውሰዱት። አጭር ጉዞ ክዳኑ ሥር የሚፈጥረው ትንሽ እርጥበትም ተመሳሳይ ቅባት ሊያመጣ ስለሚችል፣ በዚያ ምልክት ብቻ ሞተር አያስፈቱ።

መልስ 3

ስለ ፍሬኑ ልመልስ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ሲል ጥፋቱ ባብዛኛው ከመጠን በላይ የጋለው የፍሬን ሸራ ነው። ፔዳሉ ላልቶ ጠልቆ ሲወርድና ሲበርድ ሲመለስ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መለኪያ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። የዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ በመሥመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ እግርዎ የሚረግጠው ኃይል እንፋሎቱን ሲያጨማትር ያልቅና ወደ ጎማው አይደርስም። ስለዚህ በየ2 ዓመቱ፣ ወይም መመሪያው በሚያዝዘው ጊዜ፣ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ያገለገለ መኪና ሲገዛ መቼ እንደተቀየረ በእርግጠኝነት ካልታወቀ ወዲያው መቀየር ይሻላል።

የዘይቱን መጠን ራስዎ በየሳምንቱ ማየት ይችላሉ። ከጎደለ ግን ሞልቶ መሄድ መፍትሔ አይደለም፤ ወይ ሸራው አልቋል ወይ የሚያፈስ አለ። የሞተር ዘይት በዚያ ዕቃ ውስጥ ጠብ ካለ በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች በሙሉ ያበላሻል። መፍታት፣ አየር ማውጣት፣ ሸራ መቀየር ለሠለጠነ እጅ ይተዉ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥርም ማንም ሰው፣ ባለሙያም ቢሆን፣ መግባት የለበትም።

አነዳዱን በተመለከተ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ፍሬኑን ሳያዘወትሩ ፍጥነቱን የሚይዝልዎትን ማርሽ ይምረጡና ሥራውን ለሞተሩ ይስጡት። ፍጥነቱ ሲጨምር ጠበቅ አድርገው ይርገጡ፣ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ መውረድ ሸራው እንዳይበርድ ያደርገዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ሕይወትን አሲዞ መጫወት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ጥቂት ከረገጡ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል፤ ቁልፉ ከወጣ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። የዘመኑ ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ስለሚቆርጡ ቁጠባውም የለም።

ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ቢወርድብዎ ደጋግመው በፍጥነት ይርገጡት፤ ግፊቱ ተጠራቅሞ በመጠኑ ሊይዝ ይችላል። የአደጋ መብራትና ጥሩንባ ይጠቀሙ። ማርሹን አንድ በአንድ ይቀንሱ፤ ፍሪሲዮን ረግጠው አይቆዩ። የእጅ ፍሬኑ ከፔዳሉ የተለየ መሥመር ስላለው የመልቀቂያውን ቁልፍ እንደተጫኑ ቀስ በቀስ ይሳቡት፤ ባንድ ጊዜ ከተሳበ የኋላ ጎማዎች ይቆለፉና መኪናው ይሽከረከራል። ዓይንዎ ዳገት፣ ኮረት ወይም አሸዋ የበዛበት ዳር ይፈልግ። ሌላ ምርጫ ከሌለ የመኪናውን ጎን ከመንገዱ ዳር ግርግዳ ጋር በዝግታ ማስታከክ በፊት ለፊት ከመጋጨት ይሻላል። መኪናው እስኪቆም ሞተሩን አያጥፉ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወደ ጋራዥ የሚወስደኝ መንገድ ሜዳ ነው። እስከዚያ በራሴ ብነዳው ችግር ይኖረዋል?

መልስ 1

ከመነሣትዎ በፊት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ውሃውንና የፍሬን ዘይቱን መጠን ይመልከቱ። ከዚያም በቆመበት ፔዳሉን ጠበቅ አድርገው ረግጠው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዙት። ጠንክሮ በቦታው ከቆየ፣ ከጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን የፈሰሰ እርጥበት ከሌለ፣ ውሃውም ሙሉ ከሆነ፣ ያለ ጭነትና ያለ ተሳፋሪ በዝግታ መውሰድ ይችላሉ። ፔዳሉ በእግርዎ ሥር ቀስ እያለ ከሰመጠ ግን አያንቀሳቅሱት፤ በሚጭን መኪና ይውሰዱት ወይም መካኒኩን ካለበት ያስመጡት። የፍሬን ዘይቱ ተቀይሮ፣ ሸራዎቹና ዲስኮቹ ታይተው እስኪያበቁ ድረስ በዚያ ቁልቁለት ቤተሰብዎን ይዘው አይውረዱ።